የወፎች ድርሻ

ጋምቤላ የገባሁት ባሌን ተከትዬ ነው፤ በራሴ ፈቃድ ቢሆን ኖሮ ከጎሬ ቁልቁል አንድ እርምጃ አልወርድም ነበር። የጃንሆይ ዘመን ወደ ማለቁ ተቃርቦ ነበር፤ እኛ ግን ማለቁን ማን ነግሮን። ባሌ ባሮ ዳር ሱቅ ከፍቶ ጨው፣ አቡጀዲ፣ ላምባ፣ ክብሪትና መርፌ ይሸጣል። እኔ ደግሞ ሙቀቱን እየተራገምኩ፣ ትንኙን እየገደልኩ፣ ባሌን እየነዘነዝኩ እኖራለሁ። ሙቀቱን ከጊዜ ብዛት ለመድኩት፤ ትንኙን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

የሱቃችን የኋላ በር የሚከፈተው ወደ ወንዙ ነው። በሩን ስከፍት ባሮ መሐል የተኛችውን ትንሽ ደሴት ፊት ለፊት አያታለሁ። ክረምት ሲገባ ውኃው ይውጣትና የጥቂት ዛፎቿ ራስ ብቻ ይቀራል። መስከረም አልፎ ወንዙ ሲጎድል ጥቁር ደለል ለብሳ ብቅ ትላለች። ያኔ ጥቂት የአኙዋ ቤተሰቦች በታንኳ ተሻግረው፣ የሣር ጎጆ ቀልሰው፣ ውኃው እየሸሸ በሄደ ቁጥር እየተከተሉ ማሽላ ይዘሩባታል። ዳር ዳሩን በቆሎና ዱባ ይተክላሉ። ማሽላው ዝናብ አይጠብቅም፤ ደለሉ ውስጥ በቀረው እርጥበት ብቻ ያድጋል። አዝመራው እስኪገባ ድረስ እዚያው ይኖሩና ክረምት ሲመለስ ጎጆውን ለወንዙ ትተው ይወጣሉ።

የማሽላ ጠላቱ ግሪሳ ነው። ከድንቢጥ የማይበልጥ ወፍ ነው፤ አንዱን ብቻውን ብታዩት ያሳዝናችኋል። ግን ብቻውን አይመጣም። ማሽላው ወተት በሚቋጥርበት ጊዜ ሰማዩን አጥቁሮ ይመጣና አገዳውን ብቻ አቁሞ ይሄዳል። ስለዚህ ከንጋት እስከ ምሽት ማማ ላይ ወጥቶ መጮህና ወንጭፍ ማወናጨፍ የየቤቱ ሥራ ነበር። የደሴቲቱ ሰዎች ግን ከዚህ ሌላ የራሳቸው ደንብ ነበራቸው። ወንዙ በሚመጣበት በኩል ያለውን የደሴቲቱን ጫፍ በጋራ ይዘሩታል፤ ሲያፈራ ግን ማንም አይጠብቀውም። እዚያ ላይ አይጮኽም፣ ጭቃ አይወነጨፍም። የወፎቹ ድርሻ ነው። ወፉ ከሌላው ቦታ ሁሉ በጩኸት ሲባረር ጸጥ ያለው ጫፍ ላይ ያርፋል፤ በልቶ ጠግቦም ወደ ማደሪያው ወደ ሸምበቆው ይመለሳል። መጀመሪያ የሰማሁ ጊዜ ሳቅሁ። ባሌ ግን አልሳቀም፤ «እነሱም ዘካ ያወጣሉ ማለት ነው» አለ።

ወዳጄን ያወቅኋት በዚያ በኋላ በር ነው። ከደሴቲቱ ዓሣና ዱባ ይዛ ትመጣለች፣ ጨው ይዛ ትመለሳለች። ረጅም ስለሆነች በራችንን ጎንበስ ሳትል አታልፈውም። እኔ አጭር ነኝ፤ አንድ ቀን «የኔንም ቁመት የወሰድሽው አንቺ ነሽ» ብላት ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ እሷ ከባሌ እጅ ጨው አትቀበልም፤ እኔም ከሌላ ሰው ዓሣ አልወስድም። የሷ አማርኛ የገበያ ነው፤ የኔ አኙዋኛ ከዚያም የባሰ ነበር። ሁለቱን እየቀላቀልን እናወራለን፤ መግባባት ሲያቅተን እንሳሳቃለን።

ባሏ ሞቶባታል። ሁለት ሴት ልጆች ትቶላት ነው የሄደው። ዋርሳዋ፣ የባሏ ታላቅ ወንድም፣ ጎግ ነው የሚኖረው። በወጋቸው ባል የሞተባት ሴት ለባሏ ወንድም ትሆናለች፤ ልጆቹም የአባታቸው ወገን ናቸው። ከቀብሩ በኋላ ሊወስዳት መጥቶ ነበር፤ እሷ አሻፈረኝ አለች። ሰውየው ክፉ ስላልነበረ አልጎተታትም። «አንድ አዝመራ እጠብቃለሁ» አላት። «ልጆቹን በራስሽ እጅ ካበላሽ ኑሪ። እህል ከሌለሽ ግን የወንድሜ ልጆች አይራቡም፤ መጥቼ እወስዳቸዋለሁ። አንቺም የምትመጪ ከሆነ ቤቴ ክፍት ነው።» እቤቱ ሁለት ሚስቶች አሉት።

ይህን የነገረችኝ ደጃፋችን ላይ ተቀምጣ ዓሣ እየፋቀች ነው። «እኔ ሦስተኛ አይሆንም» አለችኝ ቀና ሳትል። «እኔ ባሌ ጋ ብቻዬን ነበረ። አሁንም ብቻዬን ነው። ማሽላ አለኝ።»

ማሽላ አለኝ ስትል ደሴቲቱ ላይ ያለቻትን ጠባብ መሬት ማለቷ ነው። ከሷ ሌላ ምንም የላትም። ያቺ መሬት ካፈራች ልጆቿን ይዛ የራሷ ሴት ሆና ትኖራለች፤ ካላፈራች ጎግ ገብታ የሰው ሦስተኛ ሚስት ትሆናለች፣ ወይም ልጆቿን ታጣለች። ነገሩ እንዲህ ግልጽ ነበር። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ የሷን ማሽላ እንደራሴ ጓሮ መቁጠር ጀመርኩ።

የዚያ ዓመት ክረምት ገና ሲገባ ጀምሮ አላማረኝም። ደጋ ላይ ምን እንደዘነበ አላህ ያውቃል፤ ባሮ ቡናማ ሆኖ፣ እየተገለባበጠ፣ ግንድ ከነሥሩ ነቅሎ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የሣር ጣሪያ እየጎተተ ያልፍ ጀመር። የሞተች ላም እግሯን ወደ ሰማይ አንስታ ስታልፍ አይቻለሁ፤ ሆዷ ላይ አሞራ ቆሞ ነበር። ውኃው የኋላ በራችንን አልፎ መጋዘኑ ገባ። ጨዉ ሟሟ። አቡጀዲው ላይ እባብ ተጠምጥሞ አገኘን። ባሌ «ያልፋል» ይላል። እሱ ሁሉንም ነገር ያልፋል ነው የሚለው፤ ቤታችን እላያችን ላይ ቢቃጠልም ያልፋል ከማለት አይመለስም።

አለፈም። ደሴቲቱ ስትወጣ ግን ጫፏ የለም፤ ወንዙ ገምጦ ወስዶታል። የወፎቹ ድርሻ በነበረበት ቦታ ውኃ ይሽከረከራል። የወዳጄ መሬት ከድሮው ጫፍ ቀጥሎ የነበረ ስለሆነ አሁን እሷ መጨረሻ ላይ ቀረች። የመሬቷ ዳር በቢላ የተቆረጠ ይመስል ቀጥ ብሎ ገደል ሆኗል፤ አፈሩም በየጊዜው እየተናደ ውኃው ውስጥ ይገባል። ድምፁን ከሱቄ ሆኜ እሰማው ነበር። ድብ ይላል፣ ዝም ይላል፣ ቆይቶ ደግሞ ድብ ይላል። ገበያተኛ ሲንጫጫ አይሰማም፤ ቀትር ላይ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ጥላ ሥር ሲያስተኛው ግን ከዚያ ሌላ የሚሰማ ነገር አልነበረም። እኔን ከግሪሳው በፊት ያስፈራኝ እሱ ነው።

እሷ ዘራች። ጎርፉ ጥሎት የሄደው ደለል ወፍራም ስለነበረ ማሽላው እንደ ጉድ በቀለ። ታኅሣሥ ላይ ቁመቱ ከሷም በለጠ። «ከኔ የሚረዝም አገኘሁ» ብላ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ እየለካች አሳየችኝ። ልጆቿ በመስመሩ መሐል ይሯሯጡ ነበር። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ተመለስኩና ማታ ለባሌ «ዋርሳዋ ከጎግ ድረስ በከንቱ እግሩን ይፈጃል» አልኩት።

ክፉ ወሬው የመጣው ወዲያው ነው። ከኢታንግ በኩል የመጡ ነጋዴዎች ሱቃችን ደጅ ሻይ ሲጠጡ «እዚያ ማሽላ ብሎ ነገር የለም፤ ቆሞ ነው ያለቀው» አሉ። አንደኛው ግሪሳው ሲያድር ያረፈበት ቅርንጫፍ በክብደቱ ሲሰበር በዓይኔ አየሁ አለ። ሌላው ጊዜ ቢሆን ነጋዴ ይዋሻል ብዬ አልፈው ነበር፤ ሰውየው ግን ሲናገር አይስቅም፣ ሻዩም በረደበት። ባሌ አንድ የሚያውቀውን የመንግሥት ሠራተኛ ሄዶ ጠየቀ። ሰውየው «አውሮፕላን መጥቶ መድኃኒት ይረጫል፤ ጎሬ ተነግሯል» አለው። የአውሮፕላን ማረፊያው ያን ጊዜ የሣር ሜዳ ነው፤ ፍየል ይግጥበታል። በዚያ ሰሞን ፍየሎቹን የሚያስነሳ ነገር አልመጣም።

የደሴቲቱ ሽማግሌ ወዳጄ ዘንድ የመጣው እኔ እዚያ ሳለሁ ነው። ቃሉ የሚሰማ፣ ደንቡን የሚጠብቅ ሰው ነው። የየቤቱ ሰው ከኋላው ተከትሎታል። ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ የሚሽከረከረውን ውኃ ብዙ ጊዜ አየና ወደ ማሽላዋ ዞረ። «ጫፉ እዚህ ሆኗል» አለ በቋንቋው። ይህን ለመረዳት ብዙ አኙዋኛ አያስፈልግም ነበር።

ያሉት ነገር እንዲህ ነው። ወፉ ጸጥ ያለ ማረፊያ ካጣ ደሴቲቱን ሁሉ ይበላል፤ ስለዚህ ድርሻ ያስፈልገዋል። ድርሻው ጫፉ ነው፤ ዘንድሮ ደግሞ ጫፉ የሷ መሬት ነው። በምትኩ አዝመራ ሲገባ እያንዳንዱ ቤት አንድ ሙሉ ቅርጫት ማሽላ ይሰጣታል። ወፉ እስኪያርፍ ድረስም በእጇ የቆረጠችው እሸት የራሷ ነው።

ደሜ ፈላ። «የወፍ ቀለብ በመበለት ማሽላ ነው የሚሰፈረው?» አልኩ በአማርኛ። ማን እንደገባው አላውቅም፤ አንዲት ሴት ግን አንገቷን ደፋች። ወዳጄ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

«ሁሉም ቅርጫት ከሰጠ፣ ከኔ መሬት ይበልጣል» አለችኝ።

«ካልሰጡሽስ?»

«ይሰጣል። ደንብ ነው።»

«የሚሰጡት ካጡስ?»

ይህን ስላት ወደ ሽማግሌው ዞራ እሺ አለች። እኔ በንዴት ታንኳ ውስጥ ገብቼ ወደ ሱቄ ተመለስኩ። ከመቅዘፊያው ድምፅ ጋር የራሴን ማጉረምረም እሰማ ነበር።

ንዴቴ ግን አላደረም። በማግሥቱ ሱቁን ለባሌ ጥዬ ተሻገርኩና እሸት ስንቆርጥ ዋልን። ፍሬው ገና ወተት ነው፤ በጣት ሲጫኑት ነጭ ውኃ ይወጣዋል። እያንዳንዱን ራስ ስንቆርጥ ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ምን ሊሆን ይችል እንደነበር እያየን ነው። እሳት አንድደን ጭሱ ላይ አደረቅነው፤ ጎጆዋ ውስጥ ዓይን መግለጥ እስኪያቅት ድረስ ጨሰ። ስናደርቀው መጠኑ ዓይናችን እያየ አነሰ። ያን ሁሉ ለፍተን የሞላልን አንድ ትልቅ ቅርጫት ብቻ ነው። ከጣሪያው ማገር ላይ አሰረችው። «ይኼ ለዋርሳዬ ዓይን ነው» አለችኝ። ሌሎቹ የሚሰጧት ሲጨመርበት እስከ ክረምቱ በቆሎ ያደርሰናል ብላ ነበር ያሰበችው፤ እኔም አምኛት ነበር።

ግሪሳው ጥር ውስጥ አንድ ማለዳ መጣ። ዝናብ የጣለ መስሎኝ ወደ ደጅ ወጣሁ። ማዶ ያለው ሸምበቆ ሁሉ ጎብጦ ነበር። ከዚያ የጎበጠው ሸምበቆ ቀና አለ፤ ያጎበጠው ነገር አየር ላይ ወጣና ወደ ደሴቲቱ ዞረ። ጥላው ውኃው ላይ ሲሄድ አየሁት። ደሴቲቱ ላይ ከየማማው ጩኸት ተነሣ፤ ከሷ ማማ ላይ ግን ማንም አልነበረም። በደንቡ መሠረት የድርሻው ባለቤት ከማማ ወርዳ ዝም ማለት አለባት። ባሌን ሳላስፈቅድ ሮጬ ታንኳ ያዝኩ።

ስደርስ ጎጆዋ ደጃፍ ላይ ልጆቿን ይዛ ተቀምጣለች። ከፊት ለፊቷ ማሽላዋ አይታይም፤ ወፍ ብቻ ነው የሚታየው። የሚሰማው የሽህ ምንቃር ድምፅ ነው፣ የደረቀ ቅጠል ሲረገጥ የመሰለ። ታናሺቱ ልጅ ከተፈጠረች ጀምሮ ግሪሳ ስታይ መጮህ ነው የምታውቀው። ዘላ ተነሥታ ገና አፏን ስትከፍት እናቷ በመዳፏ አፈነቻት። ልጅቷ መዳፏ ውስጥ ጮኸች። ወዳጄ እጇን አላነሳችም፤ ዓይኗንም ከማሽላው ላይ አላነሳችም። ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያንገበገበኝ ጥቂት ነው።

ቀትር ሳይሆን መሬቷ አለቀ። ወፉ ተነሣ፤ እንደ ልማዱም ወደ ሸምበቆው ሄደ። ሰዎቹ ከየማማቸው ላይ ሆነው ተያዩ፤ ሽማግሌው እጁን ወደ ወዳጄ አንስቶ አንድ ነገር ተናገረ፤ ምስጋና ይመስለኛል። ደንቡ የሠራ መስሎን ነበር፤ እኔም ለትንሽ ጊዜ አፈርኩ።

የጠገበው ከሄደ በኋላ ያልበላው መጣ። ይህ ከኢታንግ በኩል ሁሉን ጨርሶ የተሻገረው መሆን አለበት፤ ከጠዋቱ ይልቅ ሰማዩን የሸፈነው እሱ ነው። ጫፉ ላይ አረፈ፤ ባዶ አገዳ ሆነበት። ከዚያ ቀጥሎ ያለው እርሻ ላይ ተነሥቶ አረፈ። ሲጮኹበት ይነሣና ከጀርባቸው ይወርዳል፤ ከጀርባ ሲጮኹበት ወደ ፊት ይመለሳል። ድርሻ የሚባል ነገር የሚገባው ወፍ አልነበረም። ወዳጄ ያን ጊዜ ተነሥታ ጎረቤቷ ማማ ላይ ወጣችና እንደ ራሷ እርሻ ትጮህ ጀመር። ባሌ ለወትሮው ከባንኮኒው ጀርባ የማይነቃነቅ ሰው የላምባ ቆርቆሮዎቹን በታንኳ ጭኖ መጣ፤ ለየሰው አደለና ቀጠቀጥን። ሲመሽ ወፉ ሄደ፤ ሲነጋ ተመለሰ። እንዲህ እየሆነ የሴቶቹ ድምፅ ተዘጋ፣ ክንዳችን ዛለ፣ ቆርቆሮው ተጣመመ። በመጨረሻ የሚጠበቅ ነገር ስለጠፋ ጩኸቱ ቆመ። ዳር ዳሩ የነበረው በቆሎ እንኳ ቅጠሉ ተተልትሎ ቆሞ ነበር።

ዓሣስ የለም ወይ የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ነበረ፤ ግን ለዚያ ሁሉ ሰው አይበቃም። ዘመድ ዘንድ እንዳይሄዱ ዘመዱም ያው ነው፤ ወፉ ባሮ ዳር ማንንም አላለፈም፤ ጎግ ብቻ አልደረሰም ይባል ነበር። ከደጋ በበቅሎ ይወርድ የነበረው እህልም ከገበያችን ጠፋ። ያ ሰሞን ሰው እርስ በርሱ ሲገናኝ ጤና ይስጥልኝ ብሎ መንገዱን ይቀጥላል፤ የሚጠይቀው ስለሌለ ሳይሆን መልሱን ስለሚያውቀው ነው።

እኔ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው፤ ጣሪያው ላይ የታሰረችውን ቅርጫት። ከዚያች ሌላ ደሴቲቱ ላይ እህል የለም። ወዳጄን ለብቻዋ ጠርቼ «ቅርጫቷን እኔ መጋዘን አስገቢያት» አልኳት። «እቆልፍባታለሁ። አለቀ በያቸው። ዋርሳሽ ሲመጣ አውጥተሽ ታሳዪዋለሽ፤ አይቶ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን አድርጊ።» ብዙ አሰበችና እሺ አለች። በጨርቅ ሸፍና አመጣቻት። መጋዘኑን ቆልፌ ቁልፉን ወገቤ ላይ አሰርኩት። ባሌ ሲያይ ያልፋል እንኳ አላለም።

ቅርጫቷ መጋዘን በገባች በጥቂት ቀናት ውስጥ ወዳጄ በኋላ በር መጣች። ጎንበስ ብላ ገባችና እጇን ዘረጋች።

«ቁልፍ ስጪኝ እህቴ።»

«ዋርሳሽ መጣ?»

«አልመጣም። እነሱ መጡ። ደጄ ላይ ተቀምጠዋል።»

«ምን አሉሽ?»

«ምንም አላሉም። ልጆቻቸውን ይዘው ተቀመጡ። ሽማግሌው እሳት አነደደ፣ ድስት ጣደ። ውኃ ብቻ።»

እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። «ድስታቸውን የወንዝ ውኃ ይሙሉት» አልኳት። «ማሽላሽን ለወፍ የሰጡ ሰዎች አይደሉም? አሁን ደግሞ ልጆችሽን ለዋርሳሽ ሊሰጡ ነው? አብደሻል?» ብዙ ተናገርኩ፤ ጎረቤት እስኪሰማ ተናገርኩ። እሷ እጇን እንደዘረጋች ቆማ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ልጆቻቸው እያየኝ እኔ ልጄን አላበላም» አለች። «እኔ ሞከርኩ። ትናንት ከቅርጫቱ ያስቀረሁትን ደብቄ አበላሁ። ልጄ ደብቃ ስትበላ አየኋት። እንዲህ አልፈልግም።»

ቁልፉን ከወገቤ ፈትቼ ሰጠኋት። ከኛ ቤት ጆንያ አንድ ቁና ማሽላ ጨምሬ ቀዳሁላት። ያንንም ወስዳ ከቅርጫቱ ጋር ቀላቅላ ለየቤቱ እኩል አካፈለችው፤ ለራሷ እንኳ ጭላፊ አላስቀረችም። ይህን ስሰማ ሣቄም ንዴቴም አብረው መጡ። ደጋግሜ ብልክላት ያው ደጋግማ ታካፍለው ነበር፤ የኛም ጆንያ ወዲያው ታጠፈ።

ዋርሳዋ የመጣው የካቲት ሲጋመስ ነው። የደሴቲቱ ሰው አስቀድሞ አይቶት ስለነገረኝ ተሻግሬ ጠበቅሁ። ሽበት የጀማመረው፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ልጆቹን ራሳቸውን ዳሰሳቸው። ክንዳቸውን በጣቱ ለካ። ጎጆው ውስጥ ገብቶ ቀና ብሎ ማገሩን አየ። ባዶው ቅርጫት እዚያው ታስሮ ነበር። ወጣና መሬት ላይ ተቀመጠ።

ሽማግሌው ተናገረ። እያንዳንዱ ቤት ተናገረ። ይህች ሴት መሬቷን ለሁላችን ሰጠች፤ እህሏን ለሁላችን አካፈለች፤ እንደሷ ያለ ባለጸጋ ደሴቲቱ ላይ የለም አሉት። አንዲቷ ሴት፣ ያን ቀን አንገቷን የደፋችው፣ እያለቀሰች ተናገረች። ሰውየው ሁሉንም ሰማ። ከዚያ ድምፁን ሳያነሳ «እናንተን ካበላች፣ እነዚህን ማን ያበላል?» ብሎ ጠየቀ።

 መዋሸት የፈለገ እንኳ አልነበረም። እኔ ተነሥቼ «እኔ አበላቸዋለሁ» አልኩ፤ ወዳጄ ተረጎመችልኝ። ሰውየው በአክብሮት ራሱን ዝቅ አደረገልኝ። «ቤትሽ ይባረክ» አለ። «ግን የወንድሜ ልጆች በሰው በር ቆመው አያድጉም።» ጆንያችን እንደታጠፈ እሱ አያውቅም፤ እኔ ግን አውቅ ስለነበር ተቀመጥኩ።

ወዳጄ ከዚያ በኋላ አልተከራከረችም። ልጆቹን ብቻ ቢወስድና እሷ ብትቀር ማን ምን ይላታል? ነጻ ሴት ናት። ግን ወደ ጎጆዋ ገብታ ምንጣፏን መጠቅለል ጀመረች። ሰዎቹ ተነሥተው ዕቃዋን ተሸከሙላት። አንዱ ድስቱን፣ አንዷ ቅሉን፣ ሽማግሌው ራሱ መቆፈሪያዋን ያዘ። ለአንዲት ሴት ዕቃ ያን ያህል ሰው አያስፈልግም ነበር፤ ሌላ የሚሰጧት ስላልነበራቸው ነው። የባዶውን አገዳ መሐል ሰንጥቀን ወደ ታንኳው ሄድን። የጎግ የእግር መንገድ የሚጀምረው ከማዶው ዳር ነው።

እኔ የምለው ጠፍቶኝ የራሴን ነጠላ አከናነብኳት። አጭር ሆነባት፤ ሁለታችንም አየነው፤ ያን ጊዜ ግን አልሳቅንም። ዋርሳዋ ታንኳው ላይ ሊያወጣት እጁን ዘረጋላት። እጁን ሳትይዝ በራሷ ጉልበት ገባችና ልጆቿን በግራና በቀኝ አስቀመጠች። በወንዙ፣ በወፉ፣ በደንቡ፣ በእሷም ጭምር ተናድጄ ዳሩ ላይ ቆምኩ። ከሁሉ የባሰው የሚጠላ ሰው ማጣቴ ነበር።

ታንኳው ሊገፋ ሲል ታናሺቱ ወደ እናቷ ቀና ብላ ጠየቀች። የልጅ ቃል ስለሆነ ያለ አስተርጓሚ ገባኝ።

«እዚያም ወፍ እንጠብቃለን?»

«አዎ» አለቻት እናቷ። «የሰው ማሽላ ላይ።»